አባቴ «ያልተገኘ» አይደለም

ለጡረታ ጉዳይ ኃላፊው፣

ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። አንድም መልስ አልተሰጠኝም። አሁን ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ በአደባባይ ጻፍኩት።

በእናቴ ፋይል ውስጥ የሟች አባቴ አገልግሎት መሃል ላይ ተቆርጧል። ከጥቅምት 1954 ዓ.ም. ጀምሮ ላሉት ወራት «በሥራ ላይ ያልተገኘ» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ ያኔ ኮንጎ ነበር። የተዋጊ ጄት አብራሪ ነበር። የላከውም መንግሥት ነው።

ይህን ታሪክ እርስዎ አያውቁትም አልልም። መስከረም 1954 የኮንጎዋ ካታንጋ ክፍለ ሀገር ተገንጣዮች ፉጋ በሚባል ጄት የተባበሩት መንግሥታትን ወታደሮች ከሰማይ ይደበድቡ ነበር። እዚያ የኛም ልጆች ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ሠራዊት ግን የሚከላከልለት ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረውም። ኢትዮጵያ አራት ኤፍ-86 ሴበር ተዋጊ ጄቶች ላከች። ስዊድንና ህንድም የራሳቸውን ላኩ። እንግዲህ አገር ልኮት የሄደ ሰው ነው ከሥራ የቀረው?

የበረራ ደብተሩን ይዘን መጥተን ነበር። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ በአየር ላይ የቆየበት ሰዓት፣ ሁሉም በእጁ ጽሑፍ አለ። ሠራተኛዎ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጠም። በሁለት ጣቱ ወደ እናቴ ገፋው። «ይሄ የግል ደብተር ነው፤ አብረውት የዘመቱ ሦስት ምስክሮች ይምጡ» አላት። ከ60 ዓመት በላይ አልፎታል እኮ! ከየት ታምጣቸው?

እናቴ ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ሲመለስ ደብረ ዘይት የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ምስክር አልሆንም?» አለችኝ። ያን ቀን የበኩር ልጇን አዝላ ነበር። አባቴ ከስቶ፣ የደንብ ልብሱ ሰፍቶት ነው የመጣው። ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋ ልጁ አላወቀውም። እሪ አለ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይሰበር ነበር።

የሚጨመረው ብር ብዙ አይደለም። እናቴን እንቅልፍ የነሳት ያ ቃል ነው። ባሏ ከግዳጅ የጠፋ ሰው ሆኖ እንዲቀር አትፈልግም።

የዘመቻው ሰነድ ያለው መንግሥት እጅ ነው። በእርስዎ ማኅተም አንድ ደብዳቤ ለአየር ኃይል ይጻፉና ይጠይቁ። የ84 ዓመት አሮጊት ምስክር ፍለጋ አይላኩ።

ሰኞ ጠዋት ከእናቴ ጋር እመጣለሁ። ደብተሩን እንይዛለን። እርስዎ ራስዎ ይግለጡት።