ምንጫችን አጠገብ የተተከለው ችካል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። ባለፈው ሳምንት ከብት ላሰማራ ስወጣ የወል ግጦሻችን ላይ ችካል ተተክሎ አገኘሁ። ጫፉ ቀይ የተቀባ፣ ገና እርጥብ የባሕር ዛፍ ችካል። አንዱ ከምንጩ አሥር እርምጃ አይርቅም። ለቤት መሥሪያ ነው ተባልን። ማን ጠየቀን?

ቤቱ ይሠራ፤ እኔም ጎጆ ያልወጣ ልጅ አለኝ። ግን ምንጩ ራስ ላይ ሽንት ቤት ከተቆፈረ ምን ልንጠጣ ነው? ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ለዓባይ የሚገብሩ ብዙ ወንዞች የሚነሱበት ተራራ ነው። እኛ ግን በበጋ የምንቀዳው ከዚያች አንዲት ምንጭ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ድንጋያማ ቦታ አለ። ባለሙያዎቹ ከሽማግሌዎቻችን ጋር በእግራቸው ሄደው ይዩት። እስከዚያው ችካሉ ይነቀልልን።

አንድ አርሶ አደር፣ ከምሥራቅ ጎጃም