ለሞተ ብቻ የሚከፈት ሳጥን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ በጎ አድራጎት የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጸሐፊው «ትልቅ ለጋሽ ካልተገኘ ድሃ ድሃን አይረዳም» ባይ ናቸው። እኔ ደሴ፣ ሙጋድ የምኖር የቅሬ (የእድር) ገንዘብ ያዥ ነኝ። በዚህ አልስማማም።

ሰሞኑን ልጄ ከስልኳ ስለ አንዲት የቡድሃ እምነት መነኩሲት አነበበችልኝ። ቼንግ የን ይባላሉ፣ የታይዋን ሰው ናቸው። «ሥራቸውን የጀመሩት በ1966 ነው» ስትለኝ ክው አልኩ። ለወሎ ሰው 1966 የረሃቡ ዓመት ነው። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል፤ በእኛ 1958።

መነኩሲቷ ገንዘብ አልነበራቸውም። በምጽዋት አንኖርም ብለው ከተከታዮቻቸው ጋር የሕፃን ጫማ እየሰፉ ይሸጡ ነበር። ለችግረኛ ብለው እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ጥንድ ጨመሩ። 30 የቤት እመቤቶች ደግሞ ከአስቤዛቸው በየቀኑ 50 ሳንቲም እየቀነሱ ቀርከሃ ውስጥ ይከቱ ጀመር። «በየቀኑ ከምንጥል በወር አንዴ 15 የታይዋን ዶላር ብንሰጥስ?» ቢሏቸው መነኩሲቷ እምቢ አሉ። ሴቶቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ሰው የመርዳት ሐሳብ በየቀኑ ልባቸው እንዲገባ ነው የፈለጉት። ጹ ቺ የሚባለው ድርጅታቸው ከ20 ዓመት በኋላ እዚያው ታይዋን፣ ሁዋልየን በምትባል ከተማ ሆስፒታል ከፈተ።

ይሄ ለምን እንቅልፍ ነሳኝ መሰላችሁ? አምና ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ጎረቤታችን ታመመች። ለምርመራና ለመድኃኒት ገንዘብ አጠራት። የቅሬው ሳጥን እኔ ቤት ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ። ደንባችን ግን ለቀብር እንጂ ለበሽታ አይልም። ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ «ደንብ ይፍረስ ወይ?» አሉ። እኔም እጄን አላወጣሁም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ድንኳን ጣልንላት። ንፍሮው ተቀቀለ፣ እንጀራው ተጋገረ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል አለቀሰላት። ሒሳቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለለቅሶዋ የወጣው ለሕክምናዋ ከጎደላት ይበልጣል። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደመርኩት።

ደንቡ እስካሁን አልተቀየረም፤ ሽማግሌ ማሳመን ቀላል አይደለም። እስከዚያው ቡና የምንጣጣ ዘጠኝ ሴቶች የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑን በቢላ ሰንጥቀን፣ ገበያ ስንወጣ 5 ብር 5 ብር እንጥላለን። አንዷ «በወር ልስጥ» አለችኝ። የመነኩሲቷን መልስ ነገርኳት። «እሳቸው አገር ሽንኩርት ኪሎው ስንት ነው?» ብላ አሳቀችን። ግን ትጥላለች።

ጣሳው እስካሁን የተከፈተው አንዴ ነው። የአንድ አዛውንት የደም ግፊት መድኃኒት ተገዛበት። የተረፈው 35 ብር ተመልሶ ገባ።

ጸሐፊው ደሴ ብቅ ካሉ እኛ ጋ ጎራ ይበሉ። ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ጣሳው ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል።

የቅሬ ገንዘብ ያዥዋ፣ ከደሴ