ግልጽ ደብዳቤ፦ «ማን ላከህ?» ላለኝ መሥሪያ ቤት

ለክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም። በኮምፒውተር ፕሮግራማችሁ ላይ የነገርኳችሁ የደህንነት ቀዳዳ እስካሁን አልተደፈነም፤ ስሙን ብጠራ ለሌባ በር ማሳየት ይሆንብኛል። እርስዎ ግን ደብዳቤው ለማን እንደሆነ ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ጽፌልዎታለሁ። ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች እጄ ላይ አሉ። መልስ የለም።

ታናሽ እህቴ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አላት። ሰው የእናንተን ማመልከቻ ሊሞላ ሲመጣ የምትሠራው እናንተ በሰጣችኋት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ደንበኛው ፎቶውንና የመታወቂያውን ቅጂ በቴሌግራም ይልክላታል። እሷ ፕሮግራሙ ላይ ትጭነዋለች፣ ፎቶው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስትል ነው የምትውለው። አንድ ቀን ፕሮግራሙ አስቸገራትና ጠራችኝ። የተጫነበትን ፎልደር ከፍቼ ሳይ፣ ውስጡ ያለው፣ ገጽና ፎቶ የሚያሳይለት የክሮም (የጉግል ኢንተርኔት መክፈቻ) ሞተር በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ የወጣ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አንዴም አፕዴት አልተደረገም።

ጷጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽን ስንጠብቅ፣ ጉግል ለክሮም አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። ችግሩ የነበረው ዌብፒ የሚባለውን የፎቶ ዓይነት በምትከፍት፣ ሊብዌብፒ በምትባል የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ማለትም ማንም በነፃ ወስዶ ፕሮግራሙ ውስጥ በሚያስገባት ዝግጁ ኮድ ውስጥ። ክሮም ብቻ አይደለም የሚጠቀምባት። ፋየርፎክስም፣ የክሮምን ሞተር ይዞ ፕሮግራም በሚሠራው በኤሌክትሮን የተሠሩ ፕሮግራሞችም ውስጥ አለች። የእናንተም በኤሌክትሮን የተሠራ ነው። ማስተካከያው ሲወጣ አጥቂዎች ክፍተቱን ቀድመው እየተጠቀሙበት እንደነበር ጉግል ራሱ ተናግሯል።

ክፍተቱ ምን እንደሆነ በቀላሉ ላስረዳዎ። ኮምፒውተር ሚሞሪውን እንደ እርሻ መሬት እየሸነሸነ ለየሥራው ያድላል። ላይብረሪዋ የተጻፈችበት ሲ የሚባለው ቋንቋ ግን ወሰን አይጠብቅም። ፕሮግራመሩ መጠኑን ራሱ ካላረጋገጠ አንዱ የሌላውን ማሳ ገፍቶ ይገባል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ፎቶ ሲከፈት ከተመደበለት ቦታ አልፎ ይጻፋል። በዚያ ቀዳዳ አጥቂው የራሱን ትእዛዝ ሊያስኬድ ይችላል። የፎቶው ስም በጄፒጂ ቢያልቅም ለውጥ የለውም፤ የክሮም ሞተር የሚያየው ስሙን ሳይሆን ውስጡን ነው። ታዲያ እህቴ በምን ትጠንቀቅ? ሥራዋ እኮ የማታውቀውን ሰው ፎቶ መክፈት ነው!

ሦስተኛውን ደብዳቤ ይዤ ስመጣ አንድ ኃላፊዎ ቢሮአቸው አስገቡኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማን ላከህ?» ብለው ነው። ቀጥለው «ሲስተማችን ውስጥ እንዴት ገባህ?» አሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁንም አነሱብኝ። ክቡር ዳይሬክተር፣ አዋጅ ቁጥር 958/2008ን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዚህ ጉዳይ የሚከለክለው ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ነው። እኔ የከፈትኩት የእህቴን ኮምፒውተር ነው፤ ያውም እሷው ጠርታኝ። ሰርቨራችሁ አጠገብ አልደረስኩም። ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስወጣ የተሰጠኝ መልስ «ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት አጠናቆ አስረክቦናል» የሚል ነበር። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። ሶፍትዌር እንደ ጠረጴዛ ተረክበው የሚያስቀምጡት ዕቃ አይደለም። ውስጡ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ብዙ ላይብረሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ከአጋሮቹ ጋር 172 ቁልፍ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን መርምሮ፣ 52 በመቶዎቹ ሲን በመሰሉ ወሰን በማይጠብቁ ቋንቋዎች የተጻፈ ኮድ እንዳለባቸው አሳውቋል። ሁሉም በአንድ ቀን ወሰን በሚጠብቀው በራስት ቋንቋ ይጻፍ አላልኩም። ኦፕን ሶርስን ተዉትም አላልኩም። የሊብዌብፒ ጥገና እኮ በነፃ፣ በዚያው ሳምንት ነው የወጣው። የጠፋው የሚጭነው ሰው ነው።

መንግሥት እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ምን ማድረግ እንደሚችል አይተናል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 የኢንተርኔት ግንኙነትን በምስጢር በሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል በሚባል ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት ይፋ ሆነ። ያም የሚሞሪ ወሰን ስህተት ነበር። የካናዳ ገቢዎች መሥሪያ ቤት በግብር ወቅት መሐል የኦንላይን አገልግሎቱን ዘጋ። የ900 ያህል ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር መወሰዱን ለሕዝቡ ተናገረ። የማስገቢያ ቀኑንም አራዘመ። ማን ነገረን፣ ማን ላከው እያለ ጊዜ አልፈጀም።

እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ፕሮግራሙ በዚህ ሳምንት ይታደስ። ውስጡ ያሉት ላይብረሪዎች ከነቨርዥናቸው ተዘርዝረው፣ የሚከታተላቸው ሰው ይመደብ። ክፍተት ያየ ሰው ወንጀለኛ ሳይባል የሚያሳውቅበት አድራሻ ይኑር።

እህቴ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቋን ትከፍታለች። የሰዎች መታወቂያ ያለበትን ያንኑ ኮምፒውተር ታበራለች፤ የመጀመሪያውን ደንበኛ ፎቶም ትጭናለች። የስልክ ቁጥሬ በሦስቱም ደብዳቤዎች ግርጌ አለ።