ፎቶው የተነሳበትን ወርም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሃይሩፍ ሹፌር ነኝ። የማኅበር፣ የዕድርና የመሥሪያ ቤት ጉዞ በኮንትራት እወስዳለሁ። የሥራዬ ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ መጠበቅ ነው። ሰው ሲዝናና እኔ ጋዜጣችሁን መሪው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ።

በቅርቡ «የጸደይ ሽርሽር፦ የት እንሂድ?» ብላችሁ ቦታዎች ከነፎቷቸው አወጣችሁ። በቦታዎቹ ላይ ጠብ የለኝም። ሁሉም ጋ ሰው አድርሼ መልሻለሁ። ግን መቼ እንደሚኬድ አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም።

ስለ ርዕሱም አንድ ነገር ልበል። አጎቴ ቄስ ናቸው፤ ይህን ቢያዩ ይቆጡ ነበር። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ይባላል። ከተማው ሁሉ አበባ ሲያይ ጸደይ ይላል፣ እኔም እላለሁ፤ ስለዚህ በቃሉ አልጣላም። ከአጎቴ የተማርኩት ሌላ ነገር ግን ለሥራዬ በጣም ጠቅሞኛል። ክረምት የሚወጣው በእንቁጣጣሽ አይደለም። መስከረም 25 ነው። ይህን የማያውቅ ተሳፋሪ መኪና ይገፋል።

ቀልዴን አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ የወንጪ መንገድ አስፋልት ሳይሆን፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተከራዩኝ። አስተባባሪዋ ከመጽሔት የቀደደችውን ፎቶ አሳየችኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሐይቁ እንደ መስታወት፣ ደሴቲቱ ከነቤተ ክርስቲያኗ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ቀኑ መስከረም 9 ነው። «እህቴ፣ ጥቅምት ይግባና እንሂድ» አልኳት። «ክረምቱ እኮ አለቀ!» አለችኝ። ዝም አልኩ፤ ከፋይዋ እሷ ናት።

አምቦን አልፈን ሽቅብ ስንጀምር ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው አይሄድም። 14 ሰው ወርዶ ገፋ። ነጭ ስኒከር ያደረገ አንድ ልጅ ነበር፤ ነገሩን እዚህ አልገልጸውም። እንደምንም አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ሁሉን ነገር ሸፍኖታል። ሐይቁ ከሥራችሁ ነው አሉን፣ አመንን። በመጨረሻ አንዲት የአካባቢው እናት አዘኑልንና ቤታቸው አስገቡን። እሳት ዳር አስቀምጠው ቡና አፈሉልን፣ ቆጮ አቀረቡልን። ከዚያ ቀን ከሁላችንም ጋር የቀረው ቡናው ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ተመለስኩ። ፎቶው አልዋሸም ነበር። ልክ እንደዚያው ነው። የተነሳው በኅዳር መሆኑን የነገረን ሰው ግን አልነበረም። አሁን መንገዱ ተሠርቷል፣ ማረፊያም ተገንብቷል። ጉሙን ግን አስፋልት አይገፈውም።

ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ የሚዘገይ ሰው ነው የሚከስረው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። ሱሉልታን ስታልፉ በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ነው፤ ጥቅምት ሲገፋ ግን ይረግፋል። የፖርቹጋል ድልድይ ከሚሉት ሥር (ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው የሚሉም አሉ) ውሃው እያጓራ ገደሉ ውስጥ ይገባል። አንድ ቤተሰብ እዚያው በጥር ወሰድኩ። ትንሹ ልጅ ድንጋዩን አየ አየና «ጋሼ፣ ውሃውን ማን ዘጋው?» አለኝ። ደግነቱ ጭላዳዎቹ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ረሳው።

ቢሾፍቱ ዓመቱን ሙሉ ይኬዳል። የኢሬቻ እሁድ ግን ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ባይሞከር ይሻላል። ሆራ አርሰዲ የሚወርደውን ሕዝብ የማያውቅ አንድ ደንበኛዬ ያን ቀን ሪዞርት ይዞ፣ የያዘውን ምሳ እራት ላይ በላው።

ሁለት ሌሊት ለሚያድር፣ ኪሱም ለሚችል፣ ኅዳር ላይ ባሌ። እዚያ ያለችው ሮቤ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ናት፤ ይደክማል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ጠያቂው በዝቶብኛል። የፓርኩ አምባ ሳነቴ 4,000 ሜትር ላይ ነው፣ መኪናውም እንደ ሰው ያለከልካል። ቀይ ቀበሮ ማየት የፈለገ በማለዳ ይነሳ። ጋቢ ይያዝ። በጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት አባቶች ሳነቴን በኅዳር ሌሊት ቢያዩ በሬ ሙሉ ይሉ ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ፎቶ ስታወጡ የተነሳበትን ወር ከሥሩ ጻፉ። አስፋልቱ የት እንደሚያልቅም ጻፉ። የመንገድ ሰላም ነገር በጋዜጣ አይያዝም፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ እኔ የአካባቢውን ሹፌሮች ደውዬ ሳልጠይቅ ቁልፍ አላዞርም። ቢያንስ «ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ» በሉልን።

ያቺ አስተባባሪ ዛሬም ደንበኛዬ ናት። ዘንድሮ መናገሻ ሱባ ይሁን ብለዋል። ያ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት የሚባለው የጥድ ደን ማለቴ ነው። የውስጡ ጥርጊያ ዝናብ ካልጠጣ ቆንጆ ነው። መስከረም 20 ብላ ደውላ ነበር፤ ተከራክረን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተስማማን። ባለስኒከሩም አለበት። ቡትስ ገዝቷል አሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሃይሩፍ ሹፌር፣ ከኮልፌ