ግራሶ አትቀቡ፣ ምሰሶውን አርቁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብርድ ሲገባ ጓሯቸው ውስጥ ለወፎች ጥሬ የሚያንጠለጥሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ስኩዊረል የምንለው ግራጫ ሽኮኮ ግን ከወፎቹ ቀድሞ ይደርስና መመገቢያውን ያራግፈዋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ሰዎች ተበሳጭተው የሚወስዱት እርምጃ ነው። አንዱ መመገቢያው የተሰቀለበትን ምሰሶ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ይቀባል፣ ሌላው ጥሬው ላይ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል፣ ሌላው ደግሞ በወጥመድ ይዞ ራቅ ካለ ጫካ ይለቃል። ሦስቱም ጉዳት አላቸው፤ አንዱም አያስፈልግም።

ግራሶ ሽኮኮውን ቢያንሸራትት ለጥቂት ቀን ነው። ላባ ላይ ከተጣበቀ ግን ወፏ በመንቁሯ ልታጸዳው አትችልም። ላባዋ ውሃ መመለሱንም ሙቀት መያዙንም ያቆማል፣ በጥር ብርድ ደግሞ ይህ ለሞት ያደርሳታል።

የሚጥሚጣው ሐሳብ መሠረት አለው፤ ወፎች የቃሪያ ማቃጠል አይሰማቸውም፣ ሽኮኮ ይሰማዋል። ነገር ግን ሚጥሚጣችንም በርበሬያችንም ጨው የገባባቸው ናቸው፣ ጨው ደግሞ ለትንንሽ ወፎች ጎጂ ነው። ዱቄቱም በነፋስ ቦንኖ የሽኮኮውንም የእናንተንም ዓይን ያቃጥላል። የሚያቃጥል ጥሬ ካስፈለገ ለወፍ ተብሎ በቃሪያ ዘይት የተለወሰ ይሸጣል፤ እሱን መግዛት ይሻላል።

ዋናው መፍትሔ ርቀትና ቆርቆሮ ነው። ሽኮኮ ከመሬት ሽቅብ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ወደ ጎን ከሁለት ሜትር በላይ ይዘላል። ስለዚህ ምሰሶው ከዛፍ፣ ከአጥር፣ ከበረንዳና ከጣሪያ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ርቀቱ የሚለካው ከዛፉ ግንድ ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ምሰሶው 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የብረት ቱቦ ይሁን። እንጨት ከሆነ ይቧጥጠዋል። ቁመቱ 2.5 ሜትር ሆኖ ግማሽ ሜትሩ ይቀበር። በላዩ ላይ ባፍል የሚባለው መከላከያ ይገባል፤ ይኸውም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የምድጃ ጭስ ማውጫ ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮው የላይኛው አፍ በወንፊት ሽቦ ይደፈናል፣ ሽቦው መሐል ምሰሶውን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይበጅለታል፣ ከሽቦው ሥር ምሰሶው ላይ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ይታሰርና ቆርቆሮው እሱ ላይ ይቀመጣል። የታችኛው አፍ ክፍት ይቅር። የቆርቆሮው የላይኛው ጫፍ ከመሬት 1.5 ሜትር፣ መመገቢያው ከዚያ በላይ ይሁን። ሽኮኮው ምሰሶውን ይዞ ሲወጣ ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል፣ ጭንቅላቱ ሽቦውን ይነካል፣ ትንሽ ይታገልና ይመለሳል። በውጭ በኩል ቢሞክር ቆርቆሮው ለእቅፉ ሰፊ፣ ለጥፍሩ ለስላሳ ይሆንበታል። ቆርቆሮው ሲነካ መወዛወዝ አለበት፤ ስለዚህ ከምሰሶው ጋር አጥብቃችሁ አትሰሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽኮኮው አሁንም ከወጣ ዙሪያውን ተመልከቱ። የተረሳ ወንበር፣ የባርቤኪው ምድጃ ወይም በበጋ የረዘመ ቅርንጫፍ መዝለያ ሆኖት ይሆናል። 30 ሴንቲ ሜትር በረዶ ከተከመረ ደግሞ መከላከያው በዚያው ልክ ዝቅ እንዳለ ቁጠሩት፤ ከምሰሶው ሥር ጥረጉት።

ጥሬውም ብዙ ይወስናል። ሽኮኮን የሚጠራው ለውዝና ጥቁሩ የሱፍ አበባ ነው። የአገራችንን ነጩን ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል፤ ቀዩ ካርዲናል ግን በወፍራም መንቁሩ እየፈለጠ ይበላዋል። ወፎቹ እስኪለምዱት ጊዜ ስለሚወስድ መጀመሪያ ሩቡን ብቻ ቀላቅሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ኑግንም ሽኮኮ እምብዛም አይነካውም፤ ቢጫዋ ጎልድፊንች የምትባለው ወፍ ግን በጣም ትወደዋለች። እዚህ ለወፍ የሚሸጠው ኑግ ከኢትዮጵያና ከሕንድ የሚመጣ ሲሆን አረም ይዞ እንዳይገባ በሙቀት የታከመ ነው። ለኑግ ቀዳዳው በጣም ጠባብ የሆነ መመገቢያ ያስፈልጋል። ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ጥቂት ጥቂት ግዙ፤ በነጭ ወረቀት ላይ በጥፍር ስትጨፈልቁት የዘይት ነጠብጣብ ካልተወ አርጅቷል፣ ጎልድፊንችም ትታው ትሄዳለች።

መሬት የወደቀውን ጥሬ በየማታው ጥረጉ፤ አለዚያ አይጥ ይመጣል። መመገቢያውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡትና በደንብ ይድረቅ።

ወጥመድን በተመለከተ፣ በቨርጂኒያ የዱር እንስሳን ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ሽኮኮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምቱ ብርድ ማብቂያና በበጋው አጋማሽ ይወልዳል። እናቲቱ ከተወሰደች ግልገሎቹ ጎጆ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ። እሷም የማታውቀው ጫካ ውስጥ የከዘነችው ምግብም መጠለያም የላትም። በዚያ ላይ ጥሬው እስካለ ድረስ ሌላ ሽኮኮ ይተካታል።

ሱፍና ኑግ የምትሸጡ ባለሱቆች ጥሬው ያልተቆላና ጨው ያልነካው መሆኑን ከረጢቱ ላይ ብትጽፉልን ትልቅ እርዳታ ነው። ለቆሎ ወይም ለፍትፍት የተቆላውን ገዝተው ለወፍ የሚሰጡ አሉና።

ከአክብሮት ጋር
የወፍ ወዳጆች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ