የእድር ጥሩምባ ለጎርፍም ይነፋ

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ሃሪኬን (ከውቅያኖስ ስለሚነሳው ከባድ አውሎ ነፋስ) ዝግጅት ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ነው ይቺን የምልከው። እርግጥ ሃሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ውቅያኖስ ስለሆነ ጎንደር ድረስ አይመጣም፣ ዝግጅቱ ግን እኛንም ይመለከታል ባይ ነኝ። ባንግላዴሽን እዩ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1970 በመጣባቸው ሳይክሎን (ያው ሃሪኬን ማለት ነው፣ በነሱ አካባቢ ስሙ ነው) ቢያንስ 300 ሺህ ሰው አለቀ፣ ከዛ በኋላ የየሰፈሩን ሰው በጎ ፈቃደኛ አድርገው አሰለጠኑ፣ ማዕበሉ ሲቃረብ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በሜጋፎን እየጮሁ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ በ2020 አምፋን የተባለው ሳይክሎን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወደ መጠለያ ገብቶ የሞተው በአስሮች ብቻ የሚቆጠር ሆነ።

እኛ ደሞ እድር አለን እኮ! ጥሩምባ ነፊ አለን፣ ድንኳን አለን፣ ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ የእድሩ ዳኛ አሳምሮ ያውቃል፣ ታዲያ ለቀብር ብቻ ለምን? ክረምት ሳይገባ አንድ እሁድ ወጥተን በሃይላንድና በፌስታል የተደፈነውን ዲች እንጥረግ፣ በድንጋይ ብቻ የተያዘውን ቆርቆሮ በሚስማር እንምታ (ንፋስ ያነሳው ቆርቆሮ ሰው ይቆርጣል)፣ ቀሃና አንገረብ ወንዞች ዳር ደሞ ውሃው በሌሊት ቢሞላ መነሳት የማይችሉትን እማማዎች የትኛው ጎረምሳ ተሸክሞ እንደሚያወጣ ከነስልኩ ተጽፎ ይያዝ። እኔ ለኛ እድር ሃሳቡን አቅርቤያለሁ፣ የሌላ ቀበሌ እድሮችም በሚቀጥለው ስብሰባ ቢያነሱት በጣም ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር