ለመኪና ግርግር ጣሪያና በሮች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሐረር ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ የሚያወርደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» የተባለው በረድፍ ተቀምጠው ከሚሰፉት የልብስ ስፌት መኪኖች ጩኸት የተነሣ ነው። (ስሙን ሰምቶ ተሽከርካሪ የሚፈልግ እንግዳ ዛሬም አይጠፋም።)

እዚህ ንግዱ የሚሠራው በደጃፍ ነው። አንዲት ሴት ከሱቁ ጨርቅ ታስቆርጣለች፤ ዞር ብላ ደጁ ላይ ለተቀመጠው ልብስ ሰፊ ትሰጠዋለች። እሱ ቁመቷን ለክቶ በሳሙና ስባሪ ያሰምራል። እሷ ጊዲር መጋላ ወርዳ አስቤዛዋን ሸምታ ስትመለስ ልብሷ ተዘምዝሞ ይጠብቃታል። ይህ የሚሆነው በሱቁና በሰፊው መካከል ያለው አንድ እርምጃ ብቻ ስለሆነ ነው። ሱቆቹ ፈርሰው በፎቅ ቢተኩስ? ሰፊውን አራተኛ ፎቅ ላይ አውጡትና ማን ደረጃ ወጥቶ ያሰፋል? ባለ መስታወት ሕንፃም ምድር ቤቱን ለባንክ ያከራያል እንጂ ለአንድ መኪናና ለአንድ በርጩማ ቦታ አይተውም።

በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ሐረር ጀጎል፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ይሁንና የእንጨት በሮች በብረት መተካታቸው፣ የድንጋይ ቤቶችም መለሰናቸው የከተማዋን ጥንታዊ መልክ እየጎዳ መሆኑን ዩኔስኮ ራሱ ጠቅሷል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። ሕግ ግን ጣሪያ አይጠግንም።

የምንፈራውም ይህንኑ ነው። ፎቅ የሚመጣው በዶዘር ብቻ አይደለም። ቤቱ ለወንድማማቾች በውርስ ይደርሳል፤ ወራጁን ምስጥ ይበላዋል፤ ቆርቆሮው በየክረምቱ ያፈሳል፤ ማሳደሻ የለም። በዚህ መሃል ገንዘብ የያዘ ሰው ብቅ ይላል። የሚሸጠውን ሰው ከሃዲ የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ እኛ አንልም። ጣሪያው የሚያፈሰው በእሱ ልጆች ላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚውለው ከላይ እስከ ታች ያለውን የሱቆቹን ፊት በባለሙያ ለማስለካትና ለማስነደፍ ነው። በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ አይካሄድምና ያለ ንድፍ አናጺ መጥራት አይቻልም። ቀጥሎ ወራጅና ቆርቆሮ እንገዛለን። የድሮ በሮች እዚያው ሐረር ባሉ አናጺዎች እጅ ይጠገናሉ። ብረት በር አናስገጥምም፤ በነፃ ቢሰጠንም።

ከእያንዳንዳችሁ የምንጠይቀው የአንድ ቀሚስ የማሰፊያ ዋጋ ነው። ቶሮንቶና ዋሽንግተን ያላችሁ የሐረር ልጆች በከተማችሁ ዋጋ ብታስቡት ደስ ይለናል። ገንዘብ ያልተመቸው ከቤተሰቡ አልበም የመንገዱን የድሮ ፎቶግራፍ ፈልጎ ይላክልን፤ የበሩን ቀለምና የመስኮቱን ቅርጽ የምናውቀው ከእሱ ነው። የአፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) አባላትም በየስብሰባችሁ አንሡት።

ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ተጽፎ በመንገዱ ላይ ባለ አንድ ሱቅ በር ላይ ይለጠፋል። ቆርቆሮ በዝናብ አይነቀልምና መዋጮው ክረምቱ ሳይገባ ቢደርሰን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሱቆች ዘንድሮ እንሸፍናለን።